ሰምተዋል ብዬ ዝም አልኩ

ሁለተኛ የበረዶ ወቅቴ ነበር። ሥራዬ የተራራ መሪዎችን መርዳት ነው። የተስተካከለ የስኪ (በረዶ ላይ የመንሸራተት) መንገድ በሌለበት ተራራ እንግዳ ከመውሰዳችን በፊት ቀድመን ወጥተን እናያለን። የዚያን ቀን የወጣነው አለቃዬና እኔ ብቻ ነበርን።

ጠዋት ያየነው የበረዶ ናዳ ማስጠንቀቂያ ደረጃ 3 ይላል። መለኪያው እስከ 5 ይሄዳል። 3 ሲባል መሃል ላይ ያለ፣ ደህና ነገር ይመስላል አይደል? ግን ብዙ ሰው የሚያልቀው በዚህ ደረጃ ነው። በ5ማ አብዛኛው ሰው ቤቱ ይቀመጣል።

ሁለት ሌሊት በረዶ ሲጥል አድሯል። ነፋሱም ከአንዱ ወገን እየጠረገ ሌላው ላይ ሲከምር ነበር። እኛ የምንሄደው ወደተከመረበት ነው። ተዳፋቱ 37 ዲግሪ ገደማ ነው። ናዳ በብዛት የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ላይ ነው፤ ለስኪ የሚጥመውም እሱው መሆኑ ነው ጣጣው።

ከሩቅ የሁለት ሰው ዱካ አየን። አለቃዬ ኮፍያቸውን ጠበቅ አድርገው እያሰሩ «ቀድመውን ወርደውበታል፤ ችግር የለውም» አሉ። እኔም ቀለል አለኝ።

ወደዚያ ሜዳውን ስናቋርጥ ነው የሰማሁት። «ውምፍ!» ከባድ ጆንያ መሬት ላይ ሲጣል ዓይነት ድምፅ። ከእግሬ ሥር በረዶው ሰመጥ አለ። ትርጉሙን ሥልጠና በጀመርኩ ቀን ተምሬዋለሁ፤ ሥር ያለው ደካማ ንጣፍ ተደርምሷል ማለት ነው። ተራራ ከዚህ ግልጽ አድርጎ አይናገርም። 15 ሜትር ያህል ከፊቴ የነበሩት አለቃዬ ግን ዞር እንኳ አላሉም። 20 ዓመት የሠሩ ሰው ሰምተው ዝም ካሉ እኔ ማን ነኝ? ዛሬ ቢሆን እጮሃለሁ።

ተዳፋቱ ውስጥ አሥር እርምጃ እንኳ አልሄዱም። ከበላያቸው ስንጥቅ ዥው ብሎ ሮጠ፤ በረዶው እንደ ሰሌዳ ተሰባብሮ ወረደ። ሲቆም አለቃዬ የሉም።

ደረታችን ላይ የምናስራት መሣሪያ በ457 ኪሎኸርዝ ሲግናል ትልካለች፣ ትቀበላለችም። የኔን ወደ ፍለጋ ቀየርኳት። ርቀቱ 30፣ 18፣ 6 እያለ ወረደ። መመርመሪያውን ዘንግ ደጋግሜ ስወጋ ለስላሳ ነገር ነካ። ከዚያ አካፋ። የቆመ ናዳ ሲሚንቶ በሉት። ፊታቸው ጋ ስደርስ 11 ደቂቃ ሆኖ ነበር። ከ15 ደቂቃ ወዲያ የመትረፍ ዕድል ቁልቁል ነው የሚወርደው። ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ ግን ይተነፍሳሉ።

ከቀናት በኋላ፣ ሁኔታው ሲረጋጋ፣ ከሌላ ባልደረባ ጋር ናዳው የተቆረጠበትን ጫፍ ቆፈርን። ሥሩ እንደ ስኳር ከእጅ የሚፈስ ነገር ነው። ወቅቱ ሲገባ በረዶው ስስ ነበር፤ መሬቱ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ፣ ላዩ ግን በጣም ቀዝቃዛ። በመሃል የሚወጣው እንፋሎት ቅንጣቶቹን አሳድጎ እርስ በርስ እንዳይያያዙ አደረጋቸው። ባለዱካዎቹ ያለፉት በረዶው ወፍሮ ክብደታቸው ወደ ሥር ባልደረሰበት በኩል ነበር። አለቃዬ የገቡት በስሱ በኩል ነው።

ሆስፒታል ልጠይቃቸው ስሄድ ሲያንገበግበኝ የነበረውን አወጣሁት።

«ያንን ድምፅ ሰምተው እንዴት ገቡ?»

ትክ ብለው አዩኝ።

«የምን ድምፅ?»