«ሚስቱ ምን አገባት?»

የአሜሪካ ምርጫ በቀረበ ቁጥር ደሴ ላይ፣ ፒያሳም ይሁን ሰኞ ገበያ፣ ቴሌቪዥን ባለበት ቡና ቤት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይነሳል። የዕጩው ባለቤት ማይክ ይዛ ጠንከር ያለ ነገር ስትናገር ያየ ሰው «የሚወዳደረው እሱ፤ ሚስቱ ምን አገባት?» ይላል። ጥያቄው ከወሎ ሰው አፍ ሲወጣ ግን ይከብደኛል። ከዚህ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ውጫሌ አለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያ በተፈረመው ውል አንቀጽ 17 የተነሳ ክርክር ሲጦፍ፣ የጣሊያኑን መልእክተኛ አንቶኔሊን ፊት ለፊት የተጋፈጡት እቴጌ ጣይቱ ነበሩ። የባለቤት አንደበት የአገር ጉዳይ ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል እኛ ሩቅ አገር ሄደን የምንማረው አይደለም።

የአሜሪካው መልስ ደግሞ አጭር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከዕጩው ቀጥሎ ከማንም በላይ ያገባታል። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከመድረኩ ትንሽነት ነው። ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ለፕሬዚዳንትነት የሚያቀርቡትን ሰው የሚለዩት ግዛት በግዛት በሚካሄድ የውስጥ ምርጫ ሲሆን፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት በሩን የሚከፍቱት አዮዋና ኒው ሃምፕሸር ነበሩ። ዴሞክራቶቹ በ2024 ቅድሚያውን ለሳውዝ ካሮላይና ቢሰጡም ሪፐብሊካኖቹ አሁንም የጀመሩት በአዮዋ ነው። አዮዋ 99 ካውንቲዎች አሏት፤ የእኛን ወረዳ ማሰብ ይቻላል። ሰው የሚመርጠው በኮከስ ነው፤ በክረምት ብርድ፣ ማታ፣ በትምህርት ቤት አዳራሽ ወይም በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ከጎረቤቱ ጋር ተሰብስቦ። ዴሞክራቶቹ እስከ 2020 ድረስ የየዕጩውን ደጋፊዎች በየማዕዘኑ አቁመው ይቆጥሩ ነበር። በአብዛኛው ጣቢያ ከተሰብሳቢው 15 በመቶ ያልሞላ ቡድን ይፈርስና ሰዎቹ ወደ ሌላው ማዕዘን ይሄዳሉ። ስለዚህ አንደኛ ምርጫ ያላደረገህን ጎረቤት ሁለተኛ ምርጫው እንድትሆን ማግባባትም ሥራ ነው። በ2012 የሪፐብሊካኖቹ ኮከስ ላይ ከ120 ሺህ በላይ ሰው ተገኝቶ፣ ሪክ ሳንቶረም ሚት ሮምኒን የበለጡት በ34 ድምፅ ብቻ ነበር። 34 ሰው ማለት ለአቦል ተጠራርተው ሁለት ሦስት ቤት የሚሞሉ ጎረቤታሞች ናቸው።

እንዲህ ባለ ቦታ ማስታወቂያ ብቻውን አይበቃም፤ ሰው መሄድ አለበት። ዕጩው ደግሞ አንድ ነው። ባለቤቱ ብቻዋን መንገድ ስትይዝ፣ አንዱ በሐረጎ አድርጎ ኮምቦልቻ ሲወርድ ሌላዋ ሐይቅ እንደመሄድ ነውና የቀኑ ሥራ እጥፍ ይሆናል። ብዙ ቅስቀሳ እዚህ ላይ ያባክናል፤ ባለቤቱን ከዕጩው ኋላ አቁሞ ያስጨበጭባታል። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሰዎች የሚሸፍኑት አንድ ከተማ ነው።

ይህን ቀድመው በደንብ የተረዱት ሮዛሊን ካርተር ናቸው። ባላቸው ጂሚ ካርተር ከጆርጂያ ውጭ ብዙም በማይታወቁበት በ1975፣ ከአንዲት ወዳጃቸው ጋር በመኪና ፍሎሪዳን ማሰስ ያዙ። አሠራራቸው ቀላል ነበር። ትንሽ ከተማ ሲደርሱ ቀና ብለው ረጅም አንቴና ይፈልጋሉ፤ አንቴና ካለ ሬዲዮ ጣቢያ አለ። ገብተው ማን እንደሆኑ ይናገሩና ቃለ መጠይቅ እንዲደረግላቸው ይጠይቃሉ። ጋዜጠኛው ብዙ ጊዜ ስለ ካርተር ሰምቶ ስለማያውቅ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ይጠፋዋል። ሮዛሊን ለዚህም ተዘጋጅተዋል፤ ሊጠየቁ የሚፈልጓቸውን አምስት ስድስት ጥያቄዎች በወረቀት ጽፈው ይዘዋል፣ ያንኑ ይሰጡታል። ትንሽ ጣቢያ የሚሞላው ሰዓት አለው፤ እንግዳ በራሱ እግር ሲመጣለት ደስ ይለዋል፤ አድማጩም የከተማውን ስም እየጠራች የምታወራ የዕጩ ሚስት ሰምቶ አያውቅም። መጋቢት 9 ቀን 1976 ካርተር ፍሎሪዳን ጆርጅ ዋላስን በልጠው አሸነፉ። ድሉ የወረቀቷ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም፤ ግን በዚያ ደረጃ ከዚያች ወረቀት የረከሰና ያንን ያህል የሚያደርስ መሣሪያ አላውቅም።

የሚሼል ኦባማ ጥንካሬ ሌላ ነበር። በ2007 አዮዋ ላይ የቅስቀሳ ሠራተኞቹ «ነገር ጨራሿ» የሚል ትርጉም ያለው ቅጽል አወጡላቸው፤ ያመነታ ሰው የሞላበት ክፍል ገብተው ሲወጡ የድጋፍ ካርድ ተፈርሞ ይገኝ ነበርና። ካርዱ ቀላል ወረቀት ቢመስልም የኮከስ ሥራ ሁሉ የሚቆመው በእሱ ላይ ነው። ስም፣ አድራሻ፣ ስልክና ፊርማ የሰጠ ሰው በማግስቱ ይደወልለታል፤ በዕለቱም መኪና ያስፈልገው እንደሆነ፣ ልጅ የሚይዝለት ያጣ እንደሆነ ይጠየቃል። ብልሽቱ የሚመጣው ካርዱ ዘግይቶ ሲወጣ ነው። ንግግሩ አልቆ ሰው ኮቱን ለብሶ በር ላይ ከደረሰ በኋላ «አስብበታለሁ» ይልና ይሄዳል። ስለዚህ ካርድና እስክርቢቶ አስቀድሞ ወንበሩ ላይ መቀመጥ፣ ተናጋሪዋም ራሷ «አሁን ፈርሙልኝ» ማለት አለባት። ይህን ጥያቄ ሠራተኛ ሲጠይቀውና የዕጩው ባለቤት ስትጠይቀው አንድ አይደለም። ጥር 3 ቀን 2008 ውጤቱ ኦባማ 37.6፣ ጆን ኤድዋርድስ 29.7፣ ሂላሪ ክሊንተን 29.5 በመቶ ሆነ።

ያው አንደበት ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ዊስኮንሲን ላይ ችግር አመጣ። ሚሼል በጎልማሳነት ዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራቸው እንደኮሩ ተናገሩ። በማግስቱ የሪፐብሊካኑ ተወዳዳሪ የጆን ማኬይን ባለቤት ሲንዲ ማኬይን እሳቸው ሁልጊዜም በአገራቸው እንደሚኮሩ በአደባባይ ተናገሩ፤ ዓረፍተ ነገሩም ለወራት ሲደጋገም ከረመ። ሃምሳ ሰው በተቀመጠበት ሳሎን ቢሆን አንዱ «ምን ማለትሽ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ እሳቸውም ያብራራሉ፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ካሜራ ግን ጥያቄ አይጠይቅም፤ ቆርጦ ይወስዳል። የዕጩ ባለቤት ላይ የሚደርሰው ጉዳት አብዛኛው ከዚህ ነው የሚመጣው፤ ለክፍል የተሠራ ንግግር ሳይሻሻል ስታዲየም ይገባል። ቅስቀሳው ከአዮዋ አልፎ ወደ ትልልቅ ግዛቶች ሲሻገር ንግግሩ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር መፈተሽ አለበት፦ ይህች ብቻዋን ተቆርጣ ብትሰማ ምን ትላለች?

የሂላሪ ክሊንተን የ1992 ስህተትም የዚሁ ዘመድ ነው። የባላቸው የቢል ክሊንተን የፓርቲ ተቀናቃኝ ጄሪ ብራውን በክርክር ላይ ቢል ክሊንተን የመንግሥት ሥራ ወደ ሚስታቸው የሕግ ቢሮ ያዞራሉ ብለው ከሰሱ። በማግስቱ፣ የኢሊኖይ ምርጫ ዋዜማ፣ ቺካጎ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ጋዜጠኞች ሲጠይቋቸው ሂላሪ ቤት ተቀምጠው ብስኩት መጋገርና ሻይ ማፍላት ይችሉ እንደነበር፣ የመረጡት ግን ሙያቸውን እንደሆነ መለሱ። ስለ ሴቶች ምርጫ ቀጥለው ያስረዱት ቀረ፣ ብስኩቱ ብቻ ተራባ። ክሱ ስለ ገንዘብ ነበር፤ መልሱ ስለ ቤት እመቤትነት ሆነ፤ ያልተከሰሱ ሚሊዮን ሴቶችም ተሰደብን አሉ። በዚያው ዓመት በአንድ መጽሔት ላይ ከባርባራ ቡሽ ጋር የብስኩት አሠራር ውድድር እስከመግባት ደረሱ።

ስህተቱ የሚስቶች ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሚስታቸው ሂላሪ ከኦባማ ጋር ሲወዳደሩ የነበሩበትን የ2008ቱን ቢል ክሊንተንን ይመልከት። በኒው ሃምፕሸር ዋዜማ ኦባማ በኢራቅ ጦርነት ላይ ያላቸውን አቋም «ተረት» ብለው አጣጣሉ፤ ብዙ ጥቁር መራጭ ግን የተጣጣለው ራሱ ዕጩነቱ ነው ብሎ ሰማው። ጥር 26 ሳውዝ ካሮላይና ድምፅ በምትሰጥበት ቀን ደግሞ ጥቁሩ ፖለቲከኛ ጄሲ ጃክሰንም በ1984ና በ1988 እዚያ አሸንፈው እንደነበር አስታወሱ። ኦባማ 55 ለ27 በመቶ አሸነፉ። ባለቤት ስለራሱ ዕጩ ሲናገር ማንም የሌለው ምስክርነት አለው፤ ስለ ተቀናቃኝ ሲናገር ግን እንደማንኛውም ሰው ነው፣ የዕጩዋንም ዜና ይወስድባታል። ማጥቃት ካስፈለገ ሌላ ሰው ይላክ። ከዚህ የማስወጣቸው የጆን ኤድዋርድስን ባለቤት ኤልሳቤጥ ኤድዋርድስን ነው። ሰኔ 2007 የቀኝ ክንፍ ተንታኟ አን ኮልተር በቴሌቪዥን ቀርባ ሳለ በስልክ ገብተው ስለ ባላቸው የምታወራውን የግል ስድብ እንድትተው ጠየቋት። ጥያቄው ጨዋ ነበር፤ ያነጣጠረውም ተቀናቃኝ ዕጩ ላይ አልነበረም።

ዝም ማለትስ? እሱም ያስከፍላል። ሐኪሟ ጁዲት ስታይንበርግ ዲን በ2004 የባላቸው የሃዋርድ ዲን ዘመቻ ላይ እምብዛም ሳይታዩ ቬርሞንት በሽተኞቻቸውን ሲያክሙ ቆዩ። እኔ ይህን አከብረዋለሁ፤ መራጩ ግን «የት አሉ?» እያለ ነበር። አዮዋ የደረሱት ጥር 18፣ ኮከሱ ሊካሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። በአንድ ቀን የሚያዝ ካርድ የለም። ዲን ሦስተኛ ወጡ።

የሕጉንም ነገር አለማወቅ ያሳፍራል። ታኅሣሥ 2023 የሪፐብሊካኑ ተወዳዳሪ የሮን ዴሳንቲስ ባለቤት ኬሲ ዴሳንቲስ እናቶችና አያቶች ከየትም ተነሥተው አዮዋ ወርደው የኮከሱ አካል እንዲሆኑ በቴሌቪዥን ጥሪ አደረጉ። የግዛቲቱ ሪፐብሊካን ፓርቲ በኮከስ የሚመርጠው የአዮዋ ነዋሪ ብቻ መሆኑን ማስታወስ ግድ ሆነበት። ከሌላ ግዛት የመጣ በጎ ፈቃደኛ በር ሊያንኳኳ፣ ስልክ ሊደውል ይችላል፤ ድምፅ አይሰጥም። ከማይኩ በፊት ይህችን አንድ መስመር የሚነግራት ሰው መኖር ነበረበት።

ገንዘብም እንዲሁ ነው። የባለቤት ጉልበት በነጻ የሚሰጥ አገልግሎት በመሆኑ እንደ መዋጮ አይቆጠርም፤ ኪሷ ግን እንደማንኛውም ዜጋ ገደብ አለው። በ2004 ገደቡ ለአንድ ምርጫ 2,000 ዶላር ነበር። ሞዛምቢክ የተወለዱት ቴሬሳ ሃይንዝ ኬሪ አምስት ቋንቋ የሚናገሩ፣ ያመኑበትን ሳይሸፍኑ የሚሉ፣ እጅግ ባለጸጋ ሴት ነበሩ። በ2003 መጨረሻ የባላቸው ዘመቻ ገንዘብ ሲያልቅበት ከራሳቸው ሀብት አውጥተው ሊያድኑት አልቻሉም። ባላቸው ጆን ኬሪ ያደረጉት ቦስተን ያለውን የጋራ ቤታቸውን፣ የራሳቸውን ግማሽ ድርሻ ብቻ፣ አስይዘው 6.4 ሚሊዮን ዶላር መበደር ነው። በዚያ ገንዘብ አዮዋ ላይ ቆዩ፤ ጥር 19 ቀን 2004 አንደኛ ወጡ።