ለአንድ ጥናት በደብዳቤ መልስ ስጽፍ

በአንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ የመድኃኒት ጥናት ሳነብ ያሰጋኝ መደምደሚያው ሳይሆን ሠንጠረዡ ነበር። አዲሱን መድኃኒት ከወሰዱት መካከል ክትትል ያቋረጡት ከሌላው ቡድን በርክተዋል፤ ስሌቱ ግን የተሠራው እስከ መጨረሻ በቆዩት ላይ ብቻ ነው። የጎንዮሽ ጉዳት ያስመረረው ሰው ጥሎ ሲሄድ የሚቀሩት መድኃኒቱ የተስማማቸው ናቸውና ውጤቱ ማማሩ አይቀርም። ታካሚ የሚታከምበትን ቁጥር በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም፤ ለአዘጋጁ ጻፍኩ።

የደብዳቤ ቦታ ጠባብ ነው። ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ለምሳሌ ከ175 ቃላት በላይ አይቀበልም፤ ጽሑፉ በወጣ በ3 ሳምንት ውስጥም መድረስ አለበት። ስለ ናሙናው ማነስም ሆነ ስለ መግቢያው ማጋነን የምለው ነበረኝ፤ ሁሉንም ተውኩት። አጥኚዎች ብዙ ነጥብ ሲቀርብላቸው ቀላሉን መልሰው ከባዱን ሊያልፉት ይችላሉ። ስለዚህ በእጃቸው ባለው መረጃ ሊመልሱት የሚችሉትን አንድ ጥያቄ ብቻ አስቀረሁ፦ ያቋረጡት በተመደቡበት ቡድን ተቆጥረው ሲሰላ ውጤቱ ምን ይሆናል? ስለ አጥኚዎቹ ፍላጎት አንድም ቃል አልጻፍኩም፤ የሠንጠረዡን ቁጥር ጠቅሼ አቆምኩ።

ምላሻቸው ከደብዳቤዬ ጋር ታትሞ ወጣ። በአዲሱ ስሌት የመድኃኒቱ ጥቅም ቀንሷል፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ይህን በግልጽ ማሳወቃቸውን አከብራለሁ።

ደብዳቤ አጭር ስለሆነ አቅም የለውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 ሐኪሙ ዊልያም ማክብራይድ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባሳተመው ደብዳቤ፣ እናቶቻቸው በእርግዝና ጊዜ ታሊዶማይድ የተባለ መድኃኒት የወሰዱ ሕፃናት ላይ ያየውን የአካል ጉድለት ገልጾ ሌሎች ሐኪሞችም አይተው እንደሆነ ጠየቀ። ጥያቄ ሲሆን ደብዳቤ የሚያምርበት እንዲህ ነው። እንደ ማስረጃ ሲጠቀስ ግን እፈራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1980 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል የወጣ ባለ አምስት ዓረፍተ ነገር ደብዳቤ፣ ሆስፒታል ተኝተው ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ከወሰዱ 11,882 ሰዎች መካከል ሱስ የተመዘገበው በ4ቱ ብቻ እንደሆነ ገለጸ። እ.ኤ.አ. በ2017 በዚያው መጽሔት የታተመ ሌላ ደብዳቤ እንዳሳየው፣ ያ የ1980 ደብዳቤ 608 ጊዜ ተጠቅሷል፤ ከጠቀሱትም አብዛኞቹ ሱስ ብርቅ ለመሆኑ ማረጋገጫ አድርገውታል፤ ታካሚዎቹ ሆስፒታል የተኙ መሆናቸውንም አላነሱም።

ስለዚህ ደብዳቤ ስጠቅስ ደብዳቤ መሆኑን እጽፋለሁ። የእኔን የሚጠቅስም የአጥኚዎቹን ምላሽ አብሮ እንዲጠቅስ እጠይቃለሁ፤ የታረመው ቁጥር ያለው እዚያ ነው።