የመጀመሪያውን ምት የማይውጥ ኮምፕሬሰር

ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ ለቤዝ ጊታሬ የሚሆን ኮምፕሬሰር ፔዳል (የጠንካራውንና የደካማውን ኖታ ድምፅ የሚያቀራርብ፣ በእግር የሚረገጥ መሣሪያ) ስፈልግ ቆይቼ፣ በዚህ ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ይዞልኝ መጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ሱቅ ገብቼ ሦስት አራት ፔዳል እያቀያየርኩ በራሴ ጊታር ለመሞከር አልቻልኩም፤ በሰው ሻንጣ የሚመጣ ዕቃ ደግሞ አልተስማማኝም ተብሎ የሚመለስ አይደለም። ስለዚህ ምርጫዬን የጨረስኩት ዕቃውን በእጄ ሳልነካ፣ በወረቀትና በእርሳስ እያሰላሁ ነው። ስሌቱ ከአእምሮዬ ሳይጠፋ እዚህ ላስፍረው።

ነገሩ የጀመረው አንድ ሠርግ ላይ ነው። የሙያ ጓደኛዬ ያዋሰኝን፣ ሁለት ማዞሪያ ብቻ ያለው አሮጌ ፔዳል ይዤ ሄጄ ነበር። ቤት ውስጥ ብቻዬን ስሞክረው እጅግ ወድጄዋለሁ፤ ደካማው ኖታ ከፍ፣ ጠንካራው ዝቅ እያለ ድምፁ በደንብ እንደ ተለሰነ ግድግዳ እኩል ሆኖ ይወጣ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ችክችካው ሲጀመርና ሰው እስክስታውን ሲያቀልጠው ግን አንድ ነገር እንደ ጎደለ እጄ ተሰማው። ምን እንደ ጎደለ መናገር አልቻልኩም፤ በእረፍት ሰዓት የነገረኝ ድራመራችን ነው። «አንተ፣ ዛሬ ቤዙ የት ገባ? ይሰማኛል፣ ግን አይመታኝም» አለኝ።

ይህ አነጋገሩ ለወራት አብሮኝ ሰነበተ፤ እያደር ስመረምረው ችግሩን በትክክል ያስቀመጠው እሱ እንደ ሆነ ገባኝ። ኮምፕሬሰር የሚሠራው ትሬሽሆልድ የሚባለውን ወሰን አልፎ የመጣውን ድምፅ በመጫን ነው። የሚጫንበት ልክ ሬሾ ይባላል፤ ሬሾው 4 ለ 1 ከሆነ፣ ወሰኑን በ8 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ያለፈ ድምፅ በ2 ዲሲቤል ብቻ አልፎ ይወጣል። ብዙ ሰው የሚከራከረው በዚህ በሬሾው ላይ ነው፤ ለእኛ ሙዚቃ ግን ወሳኙ አታክ ይመስለኛል፤ ማለትም ድምፁ ወሰኑን ካለፈ በኋላ መሣሪያው በሙሉ ልኩ መጫን እስኪደርስ የሚቆይበት ጊዜ። ጣቴ ክሩን ሲመታ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሚሊ ሰከንዶች የሚወጣው ደረቅ ምት ነው፤ የኖታው ዜማዊ አካል የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። አታኩ እጅግ ከፈጠነ ያ ምት ገና ሲወለድ ይቆረጥና፣ ተከታዩ አካል ብቻ አብጦ ይሰማል። በችክችካ ውስጥ ደግሞ የቤዙ ምትና የድራሙ የእግር ከበሮ አንድ ላይ ካልወደቁ፣ ትከሻ የሚያነሳው ኃይል ግማሹ ይጠፋል።

ከአታክ ቀጥሎ ብዙ ቀን ያስቀመጠኝ ሪሊስ ነው፤ ድምፁ ከወሰኑ በታች ከወረደ በኋላ መሣሪያው ጭነቱን የሚለቅበት ጊዜ ማለት ነው። አንድ ፈጠን ያለ ችክችካ በደቂቃ 120 ዋና ምት ቢኖረው፣ አንዱ ምት ግማሽ ሰከንድ ይሆናል፤ እሱም ሦስት ቦታ ስለሚከፈል እያንዳንዷ ክፋይ ወደ 167 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ትደርሳለች። ሪሊሱ ግማሽ ሰከንድ ከሆነ፣ መሣሪያው የመጀመሪያውን ኖታ ሳይለቅ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይመጡበታል፤ ሁሉም ተጭነው ያልፋሉ፤ በዚያ ሠርግ ላይ የሆነውም ይህ ሳይሆን አይቀርም። በሌላ በኩል ሪሊሱን ያለ ልክ ማፍጠንም አይቻልም። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ስለሚርገበገብ፣ አንዱ ርግብግቢት ብቻውን 24 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ሪሊሱ ወደዚህ ቁጥር ከተጠጋ መሣሪያው ኖታውን ትቶ የእያንዳንዱን ርግብግቢት መውጣትና መውረድ መከተል ይጀምርና ድምፁ ይሻክራል። እንግዲህ ለእኔ የሚሆነው ቦታ በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል፣ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ መሆን ነበረበት።

ችግሩ፣ ከተመለከትኳቸው ፔዳሎች አብዛኞቹ ማዞሪያቸው ላይ ሚሊ ሰከንድ አይጻፍም፤ በሠርግ አዳራሽ ጩኸት ውስጥም እንዲህ ያለውን ስስ ልዩነት በጆሮ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ከሁሉ በላይ መብራት ያለው ፔዳል እንደሚያስፈልገኝ ወሰንኩ። ድምፁ ምን ያህል እንደ ተጫነ የሚያሳዩ ትንንሽ መብራቶች ካሉት፣ ስመታ እንደሚበሩና ከሚቀጥለው ምት በፊት እንደሚጠፉ በዓይኔ አይቼ ሪሊሱን ማስተካከል እችላለሁ።

ከዚህ በኋላ ምርጫው ራሱ ብዙ ጊዜ አልወሰደብኝም። የቦስ ቢሲ-1ኤክስ ሬሾና ሪሊስ አለው፣ መብራትም አለው፤ አታኩን ግን ለተጫዋቹ አልተወለትም። የኦሪጅን ኢፌክትስ ካሊ76 የቤዝ ስሪት ልቤን ወስዶት ነበር። እሱ እ.ኤ.አ. በ1967 ከወጣው 1176 ከሚባለው የስቱዲዮ ኮምፕሬሰር የተቀዳ ነው፤ ያልተጫነውን ድምፅ ከተጫነው ጋር መቀላቀያ አለው፤ ወፍራሙ ክር በተመታ ቁጥር ቀጭኖቹ አብረው እንዳይጫኑ የሚከላከል ማጣሪያም አለው። ነገር ግን አታክና ሪሊስን በአንድ ማዞሪያ አጣምሯቸዋል፤ ዋጋውም ከአቅሜ በላይ ነበር። በመጨረሻ የመረጥኩት የኤምኤክስአር ኤም87ን ነው። አታክ ለብቻው፣ ሪሊስ ለብቻው፣ ሬሾው ከ4፣ ከ8፣ ከ12 እና ከ20 ለ 1 የሚመረጥ፣ በላዩም አሥር መብራቶች ያሉት ነው። ትሬሽሆልድ የሚባል ማዞሪያ የለውም፤ ኢንፑቱን፣ ማለትም ወደ መሣሪያው የሚገባውን ድምፅ፣ ከፍ ባደረግን መጠን ድምፁ ራሱ ወሰኑን እያለፈ ይሄዳል። መቀላቀያ የሌለው መሆኑ ይቆጨኛል፤ ቢሆንም አታኩ በእጄ ከሆነ ያለ መቀላቀያው መኖር እንደምችል አምኛለሁ።

ዕቃው እጄ እንደ ገባ ለመሰካት ቸኩዬ ነበር፤ ደግነቱ አብሮት የመጣውን አዳፕተር ገልብጬ አነበብኩት። የሚቀበለው 120 ቮልት ብቻ ነው፤ የእኛ ግድግዳ 220 ነው። ሌላ 9 ቮልት የሚሰጥ፣ የመሰኪያው መሐል ኔጋቲቭ የሆነ አዳፕተር እስካገኝ ሁለት ቀን ሙሉ ፔዳሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አየሁት። ከውጭ ዕቃ የሚያስመጣ የሙያ ባልደረባ ሁሉ አዳፕተሩ ላይ ያለችውን ጽሑፍ አንብቦ እንዲሰካ አደራ እላለሁ።

ትናንት ልምምድ ነበረን። ሬሾውን 4 ለ 1 ላይ አድርጌ፣ አታኩን ወደ ዝግተኛው ጫፍ አስጠግቼ፣ ድራመሩን ያንኑ ችክችካ እንዲደጋግምልኝ ለመንኩት። ጎንበስ ብዬ መብራቶቹን እያየሁ ሪሊሱን በጥቂት በጥቂቱ አዞርኩ። መጀመሪያ ላይ መብራቶቹ እንደ በሩ ይቆዩ ነበር፤ ቀስ በቀስ ከእግር ከበሮው ጋር አብረው ብልጭ እያሉ ከሚቀጥለው ምት በፊት መጥፋት ጀመሩ። ድራመሩ ሳያቋርጥ «አሁን! አሁን እዚያው ላይ ተወው!» ብሎ ጮኸ። ቀጥለን ዘገም ያለ ትዝታ ስንሞክር ግን ያው ልክ አልሆነም፤ ረጅሙ ኖታ ሲሞት መሣሪያው ቶሎ ስለሚለቀው መጨረሻው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለትዝታ ሪሊሱን አስረዘምኩት።

ማታ ቤት ስገባ ከእህቴ ሁለት የጥፍር ቀለም ለመንኩና በማዞሪያው ዙሪያ ሁለት ነጠብጣብ አደረግሁ፤ ቀዩ ለችክችካ፣ ነጩ ለትዝታ። መድረክ ላይ ጨለማ ስለሚሆን ነጩን ትንሽ አተለቅሁት።