ሰባት ቀን ዝም ብሎ መቀመጥ

የኢዮብ ወዳጆች ስማቸው የሚነሣው በክፉ ነው። መጀመሪያ ያደረጉት ግን መልካም ነበር፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፣ አንዳችም አልተናገሩም። የሳቱት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው፤ ማጽናናቱን ትተው ምን ቢበድል ነው ብለው ሊመረምሩት ጀመሩ።

እኛም ግፍ የደረሰበትን ሰው ስንጠይቅ የምንሰናከለው እዚያው ላይ ነው። ልጇ ያለ ፍርድ የታሰረባትን እናት፣ ደመወዙን የተከለከለ ሠራተኛ "ይቅር በሉ" እንላለን። ይቅርታ የወንጌል ቃል ነው፤ በደሉ በደል ተብሎ ሳይጠራ ከጠያቂ አፍ ሲወጣ ግን ዝም በሉ ማለት ይሆናል።

ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። ብቻውን የሄደ የሰማው ይከብደዋል፤ አምስት ከሆናችሁ ደግሞ ባለቤቱ እንግዳ ማስተናገድ ይጀምራል። ፎቶ አታንሡ። ጌታችን በርጤሜዎስ ማየት እንደማይችል እያወቀ እንኳ ምን እንዲያደርግለት እንደሚወድ ጠይቆታል። እናንተም ጠይቁና መልሱን ጠብቁ። ብዙ ጊዜ ካሰባችሁት ያነሰ ነገር ነው፦ በቀጠሮ ቀን አብሮ መሄድ፣ ልጆች መያዝ፣ የመጣን ደብዳቤ ማንበብ።

ደብዳቤው ላይ መጀመሪያ የሚፈለገው የይግባኝ ወይም የአቤቱታ የመጨረሻ ቀን ነው፤ እውነተኛ አቤቱታም ቀኑ ካለፈ ሊወድቅ ይችላል። ዋናው ሰነድ ከባለቤቱ እጅ አይውጣ፣ ቅጂው ይበቃችኋል። የሆነውን ከፈቀደ በራሱ ቃል ጻፉለት፤ መቼ፣ የት፣ ማን አየ። አታሳምሩት። አንድ የተጋነነ መስመር የቀረውን እውነት ሁሉ ያስጠረጥራል። አንዴ ከተጻፈ ለመጣው ሰው ሁሉ ከመድገም ያርፋል፤ መድገሙ ራሱ ቁስል ይቀሰቅሳል።

በጉባኤ ስሙን ጠርታችሁ ከመጸለያችሁ በፊት አስፈቅዱ። የበደለው ሰው ወይም ዘመዱ እዚያው ቆሞ ሊሆን ይችላል።

ደጉ ሳምራዊ ሁለት ዲናር ሰጥቶ አልጨረሰም፤ ስመለስ የጎደለውን እከፍላለሁ ብሏል። በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ በሰው ይሞላል፤ በሦስተኛው ወር ጉዳዩ ገና በቀጠሮ ላይ እያለ በሩን የሚያንኳኳ ይጠፋል። ስለዚህ ገንዘብ ከሆነ አንዴ ብዙ ከመስጠት በየወሩ ትንሽ፣ ግን የማይቋረጥ ይሻላል። ከመውጣታችሁ በፊትም የምትመለሱበትን ቀን ቁርጡን ንገሩ፤ ከእናንተ የማይመቸው ካለ አስቀድሞ ይደውል።