ጠጅን ከወይን ጎን አስቀምጦ መቅመስ፣ ደሴ ላይ

ለቅምሻ ብርሌ አይሆንም። አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ሽታውን አፍኖ ይይዘዋል፣ አፍንጫም አያስገባም። ለጨዋታና ለዓይን የሚተካው የለም፤ ጠጁን ለመመርመር ግን ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ የወይን ብርጭቆ ያስፈልጋል። ወይኑም ጠጁም በአንድ ዓይነት ብርጭቆ ይቀዳ፤ አለበለዚያ ሰው መጠጡን ሳይሆን ብርሌውን ነው የሚያደንቀው።

ለስድስት ሰው አምስት መጠጥ ይበቃል፦ የሪፍት ቫሊ ሜርሎና ጉደር (ሁለቱም ደረቅ ቀይ ወይን)፣ ደረቅ ጠጅ፣ ለስላሳ (ጣፈጥ ያለ) ጠጅ፣ በመጨረሻ ጣፋጩ ቀይ ወይን አክሱማይት። ቅደም ተከተሉ ከደረቅ፣ ማለትም ጣፋጭነት ከሌለው፣ ወደ ጣፋጭ ነው። አክሱማይት ቀድሞ ከተጠጣ ምላስ ስኳር ለምዶ ይቆይና ጉደር ሆምጣጤ ይመስላል፤ ጥፋቱ የጉደር አይደለም። ለአንድ ሰው ከእያንዳንዱ 50 ሚሊ ሊትር ይቀዳል። ከ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 300ው ብቻ ይሄዳል፣ የቀረው ለምግቡ ይቆያል። መትፊያ ጣሳም ይቀመጥ፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች ቀይ ወይን ፍሪጅ አያስፈልገውም፤ ምድጃ ከሌለበት ክፍል መደርደሪያ ላይ ያደረ ጠርሙስ ልክ ነው። ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ከሆነ ግን 20 ደቂቃ ያህል ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። የሞቀ ወይን አልኮሉ ቀድሞ አፍንጫ ይመታል፤ በጣም የቀዘቀዘው ደግሞ ሽታው ይዘጋና አፍ የሚያደርቀው ነገር ብቻ ይጎላል።

ወሎ ውስጥ ትልቁ ፈተና ዕጣን ነው። ቡና ከቅምሻው በፊት ከተፈላና ዕጣን ከጨሰ ቤቱ ለሰዓታት አይለቅም፣ አምስቱም ብርጭቆ ዕጣን ዕጣን ይላል። ቡናው ከቅምሻው በኋላ ይሁን። በመሀል አፍ ለማጽዳት ውሃ፣ ድፎ ዳቦ ወይም ጨው የሌለው የገብስ ቆሎ ይበቃል። በርበሬና ሚጥሚጣ የአልኮሉን ማቃጠል ስለሚያብሱ ጥብሱ ኋላ ይምጣ፤ ያኔ ለስላሳው ጠጅ ጣፋጭነቱ ሚጥሚጣውን ያበርደዋል፣ ከቀይ ወይን ይልቅ እሱ ይስማማል።

ጠርሙሶቹ በጋዜጣ ተጠቅልለው ቁጥር ይጻፍባቸው። ሁሉም ዝም ብሎ ግምቱን በየራሱ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ጋሼ «ይሄ ነው ጠጅ!» ካሉ በኋላ ማን ደፍሮ ይቃወማል? አንዱን መጠጥ በሁለት የተለያየ ቁጥር መቅዳት ደግሞ የቀማሹን ምላስ ራሱን ይፈትናል።

አሁን ወደ ጠጁ። ምሬትን አፍ ጨብጦ ከማድረቅ መለየት መጀመሪያ የሚለመደው ነገር ነው። የወይኑ ታኒን (ከወይን ፍሬው ቆዳና ዘር የሚወጣው አፍ አድራቂ ነገር) እንደ ጠቆረ ሻይ ድድና ጉንጭ ያደርቃል፤ የጌሾ ምሬት ግን ምላስ ሥር ቆይቶ ነው የሚመጣው። ምሬቱ ማሩን ከዋጠው ጌሾው በዝቷል ወይም ሳይወጣ ቆይቷል።

የተለመደው አጣጣል አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ ነው፤ ቀጭን የሚወዱ እስከ አምስት ያደርሱታል። ብርዙ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ሰፈፉ ይገፈፋል፣ ከብርዙ ትንሽ ተቀንሶ ከታጠበ ጌሾ ጋር ይፈላና ቀዝቅዞ ይመለሳል። በየቀኑ ይማሰላል። ሞቃት አገር አምስት ቀን የሚበቃው እንደ ደሴ ባለ ብርድ ከ15 እስከ 20 ቀን ይፈልጋል፣ ከዚያ በጨርቅ ይጠለላል። ደጋ ላይ የሚሠራው ዋና ስህተት መቸኮል ነው፦ ጣፋጭ ነው ተብሎ የሚወደሰው ብዙ ጊዜ መፍላቱን ያልጨረሰ ነው። ምልክቱ ብርጭቆው ግድግዳ ላይ የሚወጣው ጥቃቅን አረፋ ነው። የሆምጣጤ ሽታ ካለው ደግሞ ጋኑ አየር ገብቶበታል፣ መድኃኒት የለውም። በስኳር የተራዘመ ጠጅ አፍ ላይ ጣፍጦ ወዲያው ይጠፋል፤ የማር ጠጅ ባዶው ብርጭቆ እንኳ ማር ማር ይላል። የላስታን ነጭ ማር ለጠጅ ማዋል በእኔ ግምት ብክነት ነው፤ ለአፍ ይቅር፣ ለጋን ቀዩ ማር ይሻላል።

ለማይጠጡ እንግዶች ብርዝ ይቅረብ፣ በወሎ ማዕድ ይህ ግድ ነው። ጌሾ ሳይገባበት፣ አንድ እጅ ማር በአራት እጅ ውሃ፣ በዚያው ቀን ጠዋት ተበርዞ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። ትናንት የተበረዘ መፍላት ሊጀምር ስለሚችል ለሙስሊም እንግዳ ማቅረብ አይገባም።

ከኮምቦልቻ ጠጅ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚያመጣ ሰው እስከ አፉ አይሙላው፣ ክዳኑንም ትንሽ ላላ ያድርገው። ገና የሚፈላ ከሆነ ዳገቱን ሳይጨርስ ያብጣል፣ ቢከፈትም ግማሹ ልብስ ላይ ነው የሚፈሰው።