ወለሉ ላይ ምን ጠፋብሽ?

ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ያለችው አብሮ አደጌ ደወለችና «እውነት ነው ሰው በዓይኑ ሲጽፍ ቁጭ ብለሽ እያየሽ ነው ደመወዝ የሚከፈልሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ወሬውን ያደረሰቻት እኅቴ ናት፤ ማሽኑ ሐሳብ እንደሚያነብ አድርጋ አጋንናላታለች። በሳቅ ልመልስላት ስል የመጀመሪያው ሳምንት ውርደቴ ትዝ አለኝና ሳቁ አፌ ላይ ደረቀ።

የምኖረው በሰሜን ስዊድን፣ በኡሜዮ ከተማ ነው። የምሠራው ደግሞ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ባለው የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ሕግ መሠረት በግል ረዳትነት ነው። የምረዳቸው ሴት ኤኤልኤስ የሚባለው፣ ጡንቻን የሚያዝዙ ነርቮችን ቀስ በቀስ የሚገድል ሕመም እጃቸውንም እግራቸውንም ምላሳቸውንም የነሣቸው ሲሆኑ፣ የሚተነፍሱትም በመሣሪያ ነው። ይህ ሕመም ሌላውን ሁሉ ሲወስድ የዓይንን እንቅስቃሴ አብዛኛውን ጊዜ ለረጅም ጊዜ ይተወዋልና እሳቸው የሚናገሩት በዓይናቸው ነው። ዕድሜያቸው ከእናቴ ስለሚበልጥ በልቤ «እትዬ» እላቸዋለሁ፤ በአፌ ግን እንደ አገሩ ልማድ «አንቺ» ናቸው፤ እዚህ ከንጉሣውያኑ በቀር አንቱ የሚባል ፍጡር የለምና።

ዓይናቸውን ተከትሎ የሚጽፍላቸው ማሽን ሐሳብ አያነብም። ከስክሪኑ ሥር ያለው ቀጭን ዘንግ ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ይለቃል፤ ካሜራው ብርሃኑ ዓይን ላይ አርፎ ሲያንጸባርቅ ይቀርጽና ሰውየው የትኛውን ፊደል እያየ እንደሆነ ያሰላል። ዓይን አንድ ፊደል ላይ ለአንድ ሰከንድ ያህል ወይም ከዚያ ላነሰ ጊዜ ሲያርፍ ፊደሉ ይጻፋል፤ ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ማሽኑ ጮክ ብሎ ያነበዋል። ስዊድናውያን በዚህ ሙያ ቢኮሩ አይፈረድባቸውም፤ በዘርፉ ስሙ የገነነው ቶቢ የተባለ ኩባንያ በ2001 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው እዚሁ ስዊድን ውስጥ ነው።

ወደ ውርደቴ ልመለስ። በእኛ ቤት ያደገች ልጅ ትልቅ ሰው ላይ ዓይኗን አታፈጥም። «ዓይን አፋር» መባል ምስጋና፣ «ዓይን አውጣ» መባል ስድብ የሆነበትን አስተዳደግ ይዤ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ እገባለሁ፣ ትራሳቸውን አስተካክላለሁ፣ ዓይኔን ከወለሉ ሳላነሣ እወጣለሁ፤ ጨዋነቴ ታይቶ እስክመሰገንም እጠብቅ ነበር። በአምስተኛው ቀን፣ ፈረቃ ስንቀያየር፣ ሁለት ባልደረቦቼ ባሉበት እትዬ መጻፍ ጀመሩ። በዓይን የሚጽፍ ሰው ሠልጥኖም እንኳ በደቂቃ ከ20 ቃል እምብዛም አያልፍም፤ እሳቸው ደግሞ ያን ቀን ደክሟቸው ነበር። ክቧ ምልክት ከፊደል ወደ ፊደል ስትዘል ቆመን ጠበቅን። በመጨረሻም ማሽኑ፣ የባቡር መነሻ ሰዓት የሚያስታውቅ ይመስል በረጋ ድምፅ፣ «ወለሉ ላይ ምን ጠፋብሽ?» አለኝ።

ባልደረቦቼ ሳቁ። እኔን ያቃጠለኝ ግን ሳቁ አይደለም፤ በኋላ የተነገረኝ ነው። እትዬ ለአጭር መልስ ማሽኑን አይጠብቁም፤ «አዎ» ሲሉ ወደ ላይ ያያሉ፣ «አይ» ሲሉ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ይመችሻል? ላዙርሽ?» እያልኩ ወለሉን ሳይ፣ ለአምስት ቀን መልስ እየሰጡኝ ኖሯል። በገዛ አክብሮቴ አፋቸውን ዘግቼባቸዋለሁ።

ደግሞ ዓይን ማየትን የሚያስተምሩኝ እነማን ሆኑና! ስዊድናውያን አውቶቡስ ውስጥ ከማያውቁት ሰው ጎን ከመቀመጥ ቆመው መሄድ የሚመርጡ ሕዝቦች ናቸው። የሰሜኖቹ ግን በአንድ ነገር ዘመዶቻችን ናቸው፤ «አዎ» ሲሉ እንደ እኛ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋሉ። እንደመጣሁ ሰሞን የሱቅ ገንዘብ ተቀባይዋ ትንፋሿን ስትስብ ሰምቼ አገሬ የገባሁ መስሎኝ ነበር። እትዬም ድሮ እንዲያ ይሉ እንደነበር ባለቤታቸው አጫውተውኛል። አሁን ትንፋሹን የሚስበው ማሽን ስለሆነ፣ ያ ድምፅ ለእሳቸው «አዎ» መሆኑ ቀርቷል።

ወደዚህ ሥራ ለመምጣት የምታስቡ፣ «መንከባከብ ማንም ይሠራዋል» የሚላችሁን ደላላ አትስሙ። እኛ ሰው የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ቀድመን ስንጨርስለት የተግባባን ይመስለናል፤ እዚህ ግን ሰውየው አሥር ፊደል የለፋበትን ገምቶ መጨረስ፣ እሱ ካልጠየቀ በቀር፣ ቃል መንጠቅ ነው። ትራስ ለማስተካከል በስክሪኑና በፊቱ መካከል መቆምም አፉን በመዳፍ እንደ መያዝ ይቆጠራል። በሰኔ ፀሐይ አልጠልቅ ስትል መጋረጃውን ካልዘጋችሁ ብርሃኗ ካሜራውን ያሳውረዋል፣ ሰውየውም በጠራራ ፀሐይ ድዳ ይሆናል። አብሮ አደጌ ቁጭ ብሎ ማየት ያለችው ይህን ነው።

ይህን ሁሉ ያወቅሁ መስሎኝ ጎንደር ላለው ወንድሜ ማስተማር ጀመርኩ። አባታችንን ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ አእምሯቸው ደህና ነው፣ ንባባቸውም አልጠፋም፤ ምላሳቸው ግን አልታዘዝ ብሏል። ማሽኑ ከአቅማችን በላይ ስለሆነ በግልጽ ፕላስቲክ ላይ የፊደል ገበታ እንዲጽፍ ነገርኩት፤ ፕላስቲኩ በሁለቱ ፊት መካከል ይያዛል፣ ባለ ማዶው የአባባን ዓይን እየተከተለ ያነባል። መጀመሪያ የፊደሉን ቤት ያያሉ፣ ቀጥሎ ከ1 እስከ 7 ካለው ቁጥር አንዱን፤ «ሰላም» ለማለት ሰ እና 1፣ ለ እና 4፣ መ እና 6፣ በድምሩ ስድስት እይታ ነው።

ትናንት በቪዲዮ ደወልኩ። አባባ ዓይናቸው ከፊደል ፊደል ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይጀምራል። ወንድሜ ፕላስቲኩን በሁለት እጁ ቀጥ አድርጎ ይዟል፤ አርባ ዓመት የአባቱን ዓይን ትኩር ብሎ አይቶ የማያውቅ ልጅ ነውና ግን አንገቱን ደፍቶ ወለል ወለሉን ያያል።

«አንተ፣ ወለሉ ላይ ምን ጠፋብህ?» አልኩት።