ፓይዮን ስለካ ሦስት ወር የበላኝ ነገር

የፊዚክስ ማስተርሴን ደብረ ማርቆስ ስሰራ ከታች የምጽፈውን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ሦስት ወር ይተርፈኝ ነበር።

ርዕሴ የኒውትራል ፓይዮን (ቻርጅ የሌላት፣ ወዲያው የምትፈርስ ጥቃቅን ቅንጣት) ዳሊትዝ ዲኬይ ነው፣ ዲኬይ ማለት መፍረስ ነው። ፓይዮኑ ሁሌ ማለት ይቻላል ወደ ሁለት ፎቶን ነው የሚፈርሰው፣ ከመቶ 1.2 ገደማ ግን በአንዱ ፎቶን ፋንታ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ይወጣሉ፣ ይሄን ፊዚሲስቱ ዳሊትዝ እ.ኤ.አ. በ1951 ያሰላው ነው። የጥንዱን ማስ በፓይዮኑ ማስ አካፍላችሁ ስኩዌር ስታደርጉት ኤክስ ትሉታላችሁ። ፓይዮኑ ባዶ ነጥብ ስላልሆነ ኤክስ ሲያድግ የኢቨንቱ (የተመዘገበው ዲኬይ) ቁጥር ከነጥብ ፎርሙላው ትንሽ ይበልጣል፣ ያቺን ትንሽ የምትነግረን ስሎፕ 0.03 አካባቢ ናት። ጥግ ላይ (ኤክስ 1 ሲሆን) እንኳ ለውጡ 6 ፐርሰንት ገደማ ነው፣ እዛ ጥግ ደሞ ኢቨንት የለም ማለት ይቻላል፣ አብዛኛው ኤክስ ትንሽ የሆነበት ታች ነው የሚከማቸው።

ሩት (ዳታ መተንተኛ ሶፍትዌር) መጫን፣ ሂስቶግራም መሳል፣ ፊት ማድረግ (ፎርሙላን ከዳታ ጋር አጋጥሞ ስሎፑን ማውጣት) ቀላል ነው፣ ዩቲዩብ አለላችሁ።

አድቫይዘሬ የሰጠኝ የሲሙሌሽን (በኮምፒውተር የተሰራ ዳታ) ፋይል ውስጥ የገባው ስሎፕ 0.032 ነው። ፊት አደረግኩ፣ ኔጌቲቭ 0.02 ወጣ። ኮዱን ከዜሮ ጻፍኩት፣ አሁንም ኔጌቲቭ። መብራት ሲጠፋ ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ እንደገና ልገለብጠው ላብ ሄድኩ፣ ቁልፍ ያዡ ለቅሶ ሄዷል ተባልኩ፣ አራት ቀን በር ላይ ተመላለስኩ። ፋይሉ ምንም አልሆነም ነበር።

ከዛ የማፍርበትን ሰራሁ። ፊቱ የሚጀምርበትን ኤክስ ከፍ ዝቅ እያደረግኩ 0.03 እስኪመጣ ጠበቅኩና "ይሄው" ብዬ ሴሚናር ላይ አቀረብኩት። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ "መጀመሪያውን ትንሽ ብታንቀሳቅሰውስ?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም፣ ያኔ የጠጣሁት ውሃ አሁንም ጉሮሮዬ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ጉዳዩ ራዲየቲቭ ኮሬክሽን ነው። ኤሌክትሮኖቹ ሲወጡ ተጨማሪ ፎቶን ይተፋሉ፣ የጥንዱ ማስ ይወርዳል፣ ላይኛው ኤክስ ይሳሳል፣ ስሎፑም ወደ ታች ይጎተታል። ይሄ ጉተታ ልንለካው ከምንፈልገው ነገር ይበልጣል! ኮሬክሽኑ ሲሙሌሽኑ ውስጥ ገብቶ ነበር፣ እኔ ፊት ያደረግኩበት ፎርሙላ ውስጥ ግን የለም። አድቫይዘሬን ስለ ኮሬክሽኑ ገና ድሮ ጠይቄው "ለማስተርስ አያስፈልግም" ብሎኝ ነበር፣ እኔም ደስ ብሎኝ ተውኩት፣ ስለዚህ እሱን ብቻ አልወቅስም። ሚካኤሊያንና ስሚዝ የሚባሉ ፊዚሲስቶች እኮ እ.ኤ.አ. በ1972 አስልተውታል። የሰርን (የአውሮፓ የፓርቲክል ፊዚክስ ላብ) ኤክስፐሪመንት የሆነው ኤንኤ62 እ.ኤ.አ. በ2017 ከአንድ ሚሊየን በላይ ዲኬይ ይዞ ስሎፑን 0.0368 ሲያወጣ እንኳ የስህተት ህዳጉ 0.0057 ነው፣ እኔ ማን ሆኜ ነው ያለዚህ የምለካው።

የቴሲስ ጋይድላይኑ ሊትሬቸር ሪቪው መጀመሪያ ይላል። አትስሙት። መጀመሪያ ስሎፑን የምታውቁትን ሲሙሌሽን ራሳችሁ ሰርታችሁ መልሳችሁ አውጡት፣ ካልወጣ ምዕራፍ አንድን አትንኩ። ውጤቱን ካያችሁ በኋላም ከት (የትኛው ኢቨንት ፊቱ ውስጥ እንደሚገባ የሚወስነውን ገደብ) አትቀይሩ።

ኮሬክሽኑን ስጨምር 0.030 መጣ፣ የትም ብጀምረው አይነቃነቅም። ዲፌንስ ላይ ስለሱ ማንም አልጠየቀኝም። የገጽ ቁጥሩ ከታች መሃል መሆን ነበረበት ተባልኩ።